የቅጠል ውሃና የብረታ ብረት ረቂቅ ቅንጣት፦ ለሰብል በሽታ መከላከያነት ስለሚሰጡት ጥቅም

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

ባለፈው ክረምት ድንች ከሚያመርቱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አንዱን በጎበኘንበት ጊዜ የማኅበሩ ሊቀመንበር ከመጋዘን ቡናማ ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ አውጥተው አሳዩን። በጠርሙሱ ላይ «ናኖ ብር፤ ከቅጠል የተሠራ፤ ማናቸውንም በሽታ የሚገድል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ማኅበሩ ስምንት ጠርሙስ ገዝቶ ስድስቱን ረጭቷል። ድንቹ ግን መጠውለጉን አላቆመም። ሊቀመንበሩም «ነገሩ ውሸት ነው ወይስ እኛ አረጫጨቱን ሳናውቅበት ቀርተን ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

መልሱ ከሁለቱም አይደለም። በቅጠል ውሃ አማካይነት የብርም ሆነ የመዳብ ረቂቅ ቅንጣት መሥራት እንደሚቻል የተረጋገጠ ነው። ቅንጣቶቹም ባክቴሪያንና ሻጋታን ይገድላሉ። ነገር ግን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የሚሠራው ሁሉ በማሳ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም፤ በተለይም ሊቀመንበሩ ያሳዩንን ድንች ይዞት የነበረውን በሽታ ምንም ዓይነት ርጭት ሊደርስበት አይችልም። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኛው ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብለት የነገሩን ምንነት አውቆ፣ ለማኅበሩ ገንዘብ የሚበጀውን ምክር መስጠት እንዲችል የተዘጋጀ ነው።

(ከዚህ በታች «ብር» ስንል ማዕድኑን ማለታችን ነው። ገንዘቡንም በዚያው ስም የምንጠራው ቀድሞ እንደ ማርያ ትሬዛ ያለው ጠገራ ከዚሁ ማዕድን ይሠራ ስለ ነበረ ነው።)

ረቂቅ ቅንጣት ምን ማለት ነው

ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። ስፋታቸው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሆኑ ቅንጣቶች ናኖ ወይም ረቂቅ ቅንጣት ይባላሉ። ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ ባክቴሪያ 1000 ናኖሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ ከሚገድለው ባክቴሪያ በብዙ እጅ ያነሰ ነው።

የማነሱ ጥቅም ምን እንደ ሆነ ማንኛውም ገበሬ ከጓል ያውቀዋል። ጓል ሳይሰበር ዝናብ ቢወርድበት ውሃ የሚነካው ውጭውን ብቻ ነው፤ ሲከሰከስ ግን ያው አፈር በሁሉም ጎኑ ውሃ ያገኛል። በየጎኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ የብር ቁራጭ ጠቅላላ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይኸው ቁራጭ በየጎናቸው 10 ናኖሜትር በሆኑ ኩቦች ቢከፋፈል ጠቅላላ ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጥማድን ሩብ ሄክታር ብለን ብንወስድ የጥማድ ሩብ ያህል መሆኑ ነው። ብሩ አልጨመረም፤ ከውሃና ከሕዋስ ጋር የሚገናኝበት ገጽ ግን እጅግ ሰፍቷል።

ሚስማሩና ቅጠሉ

የቦርዶ ድብልቅ ያዘጋጀ ሰው ሁሉ ንጹሕ ሚስማር ነክሮ መፈተንን ያውቃል። ኖራው ካነሰ ሚስማሩ ቀይ ልባስ ይዞ ይወጣል። ይህ ልባስ መዳብ ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟው መዳብ ኤሌክትሮን የጎደለው በመሆኑ በዓይን ለይተን አናየውም። የሚስማሩ ብረት ኤሌክትሮን ሲሰጠው ግን ወደ ድፍን መዳብነት ተመልሶ በሚስማሩ ላይ ይጣበቃል።

ቅጠሉም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በቅጠል ውስጥ እንደ ታኒን፣ ፍላቮኖይድና ስኳር ያሉ ኤሌክትሮን ለመስጠት የተዘጋጁ ነገሮች አሉ። ታኒን ጠቆር ያለ ሻይ ስንጠጣ አፋችንን የሚያኮማትረን ነገር ነው። የቅጠሉ ውሃ የብር ጨው ከሟሟበት ውሃ ጋር ሲቀላቀል ብሩ ኤሌክትሮኑን አግኝቶ ወደ ድፍንነት ይመለሳል። ልዩነቱ እንደ ሚስማሩ የሚለጠፍበት ገጽ ስለሌለው በየቦታው ጥቂት ጥቂት እየተሰበሰበ ረቂቅ ቅንጣት መሆኑ ነው። ከዚያም ሌሎች የቅጠሉ ነገሮች፣ በተለይም ፕሮቲኖች፣ በዙሪያው ተለጥፈው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ ይጠብቋቸዋል።

ረቂቅ የብረታ ብረት ቅንጣት ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 ወርቅ በውሃ ውስጥ ረቂቅ ሆኖ ሲበተን ቀይ ቀለም እንደሚሰጥ ገልጿል። አዲሱ ነገር ጠንካራ ኬሚካሎችን ትቶ በቅጠል መሥራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በሕንድ አገር በፑኔ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የኬሚካል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በኒም ቅጠል ውሃ የብርና የወርቅ ቅንጣት መሥራታቸውን አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ ያልተሞከረ ቅጠል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኒም በሀገራችን ቆላማ ቦታዎች በየመንገዱ ዳር ስለሚገኝ «እኛስ ለምን አንሠራም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው።

አሠራሩ በላቦራቶሪ

በላቦራቶሪ የተለመደው አሠራር ቀላል ነው። 10 ግራም ያህል የታጠበና የተከተፈ ቅጠል በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ለጥቂት ደቂቃዎች ይፈላና ይጠለላል። ለብቻው 0.17 ግራም የብር ናይትሬት በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ይሟሟል። ከዚያም አንድ እጅ የቅጠል ውሃ በዘጠኝ እጅ የብር ውሃ ላይ ይጨመራል። መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ እንደ ቅጠሉ ዓይነት በደቂቃዎች ወይም በሰዓቶች ውስጥ ወደ ቡናማ ይለወጣል። የቀለሙ መለወጥ ቅንጣቶቹ መፈጠራቸውን ያመለክታል።

ሻጮች የሚያሳዩትም ይህንኑ የቀለም ለውጥ ነው። ነገር ግን ቀለሙ የቅንጣቱን መጠን በትክክል አይነግርም፤ በሽታ መግደሉንማ ጨርሶ አይነግርም። የተቀቀለ ቅጠልም ብቻውን ቆሞ ሲያድር ይጠቁራል።

በመንደር ለመሥራት የሚያስቸግረው ሌላም ነገር አለ። አንደኛው ውሃው ነው። የጉድጓድም ሆነ የቧንቧ ውሃ የክሎሪን ጨው ካለበት ብሩ ከጨው ጋር ተዋሕዶ ነጭ ደለል ይሆንና ይዘቅጣል። ጨዋማ ውሃ ባለባቸው ቦታዎች ሥራው ገና ሲጀመር ይበላሻል። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ ቅጠሉ ራሱ ነው። የክረምት ቅጠልና የበጋ ቅጠል፣ ለጋውና የጠነከረው፣ ጥላ ሥር የበቀለውና ፀሐይ ያገኘው በውስጣቸው ያለው የታኒን መጠን አንድ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የተሠራውና የዛሬ ወር የሚሠራው ቅንጣት በስፋትም በብዛትም ሊለያይ ይችላል። መጠኑ በየጊዜው የሚለያይ መድኃኒት ለገበሬ መስጠት ደግሞ አይገባም።

የብር ናይትሬት ቆዳን የሚያጠቁርና ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ የሚጎዳ ኬሚካል ነው። በመሆኑም ሥራው የላቦራቶሪ ነው፤ በማኅበር ግቢ ወይም በምግብ ድስት የሚሞከር አይደለም።

የሚገድልበት መንገድ

ብር ተሕዋስያንን እንደሚገድል ከታወቀ ቆይቷል። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ክሬዴ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የብር ናይትሬት ጠብታ አዲስ በሚወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ በማድረግ ብዙዎችን ከመታወር አድኗል። እ.ኤ.አ. በ1981 በጓቲማላ ፌርናንዶ ማዛሪዬጎስ የሠራው የሸክላ ውሃ ማጣሪያም በረቂቅ ብር የሚቀባ ሲሆን፣ በልዩ ልዩ አገሮች ሸክላ ሠሪዎች ሠርተውታል። ብር በእርግጥ የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ ገጹ ትንሽ፣ ውሃው ንጹሕ፣ ብሩም ተለጥፎ የሚቆይ ሲሆን።

አገዳደሉ እንዲህ ነው። ከቅንጣቱ ላይ ጥቂት ጥቂት የሟሟ ብር እየተለቀቀ የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳል፤ ወደ ውስጥም ገብቶ ድኝ ካለባቸው የሕዋሱ ፕሮቲኖች ጋር እየተጣበቀ ሥራቸውን ያግዳል። መዳብና ዚንክም ከዚህ ጋር የሚቀራረብ መንገድ አላቸው። ከዚህ መረዳት የሚገባው፣ ገዳዩ ብረቱ እንጂ ቅጠሉ አለመሆኑን ነው። አንዳንድ ቅጠል የራሱ ኃይል ቢኖረውም፣ «አረንጓዴ» የተባለው የቅንጣቱ አሠራር ነው። ከተሠራ በኋላ ብሩ ብር፣ መዳቡም መዳብ ነው፤ አፈር ውስጥ ገብቶ እንደ ቅጠል አይበሰብስም።

ከሳህን እስከ ማሳ

በላቦራቶሪ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን መካከል መድኃኒት የተነከረ ትንሽ ወረቀት ይቀመጣል። በማግሥቱ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ከታየ መድኃኒቱ ይሠራል ይባላል። ፈተናው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በጎኑ ቅጠሉ ብቻውን፣ የብሩም ጨው ብቻውን ካልተፈተኑ ክቡን ያመጣው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። ይህን ማነጻጸሪያ የዘለሉ ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ እኛም እንዲህ ያለውን ሪፖርት ስናነብ ቶሎ አናምንም።

በማሳ ላይ ደግሞ ዝናብ ያጥበዋል፤ ፀሐይ ይለውጠዋል፤ መሬት ሲደርስ ከድኝና ከክሎሪን ጋር ተዋሕዶ ኃይሉ ይቀንሳል። ኃይሉ ያልቀነሰውም ቢሆን ጠላትንና ወዳጅን አይለይም። በአፈር ውስጥ ናይትሮጅንን ለሰብል ወደሚመች መልክ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ለብር በቀላሉ የሚጎዱ ናቸው። በባቄላና በአተር ሥር ላይ ጉጥ የሚሠሩት ሪዞቢየሞችም ባክቴሪያ መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ብር ዓሣንና የውሃ ውስጥ ትንንሽ ነፍሳትን በጥቂቱ ይገድላል። ሰውም ለረጅም ጊዜ ቢጠጣው ቆዳው ወደ ግራጫ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ይህም የማይለቅ ነው።

ስለ መጠኑ ደግሞ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሊቀመንበሩ ያሳዩን ጠርሙስ ላይ የተጻፈው 100 ሚሊ ሊትር በ15 ሊትር መርጫ እንዲበረዝ ነው። ፈሳሹ ከላይ በገለጽነው የላቦራቶሪ አሠራር የተሠራ ነው ብለን ብንገምት እንኳ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ብር ከ100 ሚሊግራም ትንሽ ያነሰ ነው። በ15 ሊትር ሲበረዝ በእያንዳንዱ ሊትር አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። በላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ የሚሞከረው ግን በሊትር በአሥር ቤትና ከዚያ በላይ በሚቆጠር ሚሊግራም ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ሲረጭ የሰነበተው ከውሃ ብዙም ያልራቀ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ከግኝት እስከ ማሳ ያለው መንገድ ረጅም ስለ መሆኑ የራሳችን ምሳሌ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነሥቶ እንዶድ የብልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ተረጋገጠ። ሕዝቡ ለዘመናት ልብስ ያጠበበት ተክል ሆኖ ሳለ እንኳ ስለ መርዛማነቱ ብዙ ዓመታት የፈጀ ጥናት ተጠይቋል። ትናንት የተሠራ ብር ከዚያ ያነሰ ጥያቄ ሊቀርብለት አይገባም።

የማኅበሩ ድንች

ወደ ማሳው ሄደን የጠወለጉትን ተክሎች አየን። ቅጠላቸው ሳይቢጭ ቀን ቀን ይጠወልጋል። ከአንዱ ተክል ከግንዱ ሥር ጣት ያህል ቆርጠን በንጹሕ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልነው። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ነጭ ክር እየተመዘዘ ወደ ታች ወረደ። ክሩ ባክቴሪያ ነው። ባለሙያዎች ባክቴሪያል ዊልት የሚሉት የአጠውልግ በሽታ ነው። ሊቀመንበሩ ብርጭቆውን አንሥተው በብርሃን ካዩት በኋላ «እኛ ስንረጭ የነበረው ቅጠሉን ነዋ!» አሉ።

እንዳሉትም ነው። ይህ ባክቴሪያ ከአፈር ወይም ከዘሩ ተነሥቶ የሚኖረው በተክሉ የውሃ ማስተላለፊያ ቧንቧ ውስጥ ነው። በቅጠል ላይ የሚረጭ ብርም ሆነ መዳብ እዚያ አይደርስም። የልማት ሠራተኛው ማንኛውንም መድኃኒት ከማማከሩ በፊት ይህን የብርጭቆ ፈተና ማድረግ ይኖርበታል፤ የሚያስወጣው ወጪ የለም።

በሽታው ከተገኘ የታመመው ተክል ከነሥሩና ከድንቹ ተነቅሎ ከማሳው ውጭ መወገድ አለበት። ከዚያ ማሳ ለዘር የሚሆን ድንች አይያዝም፤ ለጎረቤትም አይሰጥም። የተቆፈረበት መሣሪያ ታጥቦ፣ ቢላዋውም በእሳት ተለብልቦ ወደ ሌላ ማሳ ይገባል። መሬቱ ለሦስት ዓመት ያህል ገብስ፣ ስንዴ ወይም በቆሎ ይዘራበታል፤ ቲማቲም፣ በርበሬና ደበርጃን የበሽታው ወዳጆች ስለሆኑ አይተከሉበትም። በመካከሉ ሳይዘራ የሚበቅል ገቦ ድንች ከታየ መነቀል አለበት፤ በሽታውን የሚያቆየው እርሱ ነው።

በቡናም ያየነው ይህንኑ የሚመስል ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በሀገራችን ሲገኝ በመዳብና በሌሎች መድኃኒቶች ርጭት ተሞክሯል። ለገበሬው ይበልጥ የጠቀመው ግን ከ1974 ጀምሮ በጅማ ምርምር ማዕከል ከራሳችን ቡና መካከል ተመርጠው የወጡት እንደ 741፣ 74110 እና 74112 ያሉት በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች ናቸው።

ሻጭ ሲመጣ

ማኅበሩ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲቀርብለት መጀመሪያ የምዝገባ ቁጥሩን ይጠይቅ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ በሀገር ውስጥ እንዳይሸጥ ደንግጓል፤ «ከቅጠል የተሠራ ነው» ማለት ከዚህ ነፃ አያደርግም። ቀጥሎም በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም ከየትኛው ብረት እንዳለ፣ ለየትኛው ሰብልና ለየትኛው በሽታ በማሳ ላይ እንደ ተፈተነ፣ ከርጭት እስከ አጨዳ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ ይጠየቅ። «ማናቸውንም በሽታ» የሚል መልስ ከተሰጠ ንግግሩን እዚያው ማቆም ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር ቢቀርብም ማኅበሩ በራሱ ማሳ ከመሞከር ይልቅ በአቅራቢያው ላለው የምርምር ማዕከል ያሳውቅ። በእኛ አስተያየት ለእርሻ ይበልጥ የሚጠበቀው ከብር ይልቅ መዳብ ነው። መዳብ ከብር ይረክሳል፤ ረቂቅ ሆኖ ሲሠራ በጥቂት መጠን ብዙ ቅጠል ሊሸፍን ስለሚችል ወደ አፈር የሚገባው መዳብ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአንድ ሄክታር በሰባት ዓመት ውስጥ ከ28 ኪሎ ግራም በላይ መዳብ እንዳይረጭ የወሰነው በአፈር ውስጥ እየተከማቸ ስላስቸገረ ነው።

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለው መዳብ

የድንች ምችን ለመሰለ በቅጠል ላይ ለሚኖር በሽታ የቦርዶ ድብልቅ ዛሬም ይሠራል። ፈረንሳዊው ሚላርዴ እ.ኤ.አ. በ1882 በሜዶክ አካባቢ ሌቦች ወይን እንዳይበሉ በመንገድ ዳር በመዳብና በኖራ የተረጩት ተክሎች ከበሽታ መትረፋቸውን አይቶ፣ በ1885 አሠራሩን ለሕዝብ ገለጸ። የተመዘገበ የመዳብ መድኃኒት ካለ በመለያው ላይ በተጻፈው መሠረት መጠቀም ይቀድማል። ድብልቁን ራሱን ለሚያዘጋጅ ግን አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

ለ15 ሊትር መርጫ 150 ግራም የመዳብ ሰልፌትና 150 ግራም ያልበረደ ኖራ ያስፈልጋል። ኖራው የበረደ ከሆነ መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጨመራል። መዳቡ በፕላስቲክ ባልዲ በግማሹ ውሃ ይሟሟል፤ በብረት ዕቃ ከሆነ መዳቡ ከላይ እንደ ገለጽነው በዕቃው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ኖራው በሌላ ባልዲ በቀረው ውሃ ይበጠበጥና በጨርቅ ይጠለላል። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ስለሚፈላ በጥቂት ውሃ ቀስ ብሎ ማብረድ፣ ፊትንም ማራቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የመዳቡ ውሃ እየተማሰለ በኖራው ላይ ቀስ በቀስ ይፈስሳል። በመጨረሻ ንጹሕ ሚስማር ለአንድ ደቂቃ ያህል ይነከራል። ቀይ ካልያዘ ድብልቁ ተስማምቷል፤ ቀይ ከያዘ ኖራ ይጨመርበታል፤ አለዚያ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ድብልቁ የሚረጨው በተዘጋጀበት ቀን ነው፤ ያደረ አይረባም። በሽታው ቅጠሉን ከያዘ በኋላ አያድንም፤ ስለዚህ ዝናቡ ሲከታተልና ጭጋግ ሲበዛ፣ በሽታው በአካባቢው መታየቱ እንደ ተሰማ መርጨት ያስፈልጋል። ረጪው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ። በጎች ለመዳብ ከሌሎች ከብቶች ይበልጥ ይጎዳሉና ከተረጨ ማሳ ሣር እንዳይግጡ ይጠበቁ። የታጠበው መርጫ ውሃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ምንጭ አይደፋም።

ሊቀመንበሩ የቀሩትን ሁለት ጠርሙሶች ወንዝ ዳር ሊደፉ አስበው ነበር። ተዘግተውና ምልክት ተደርጎባቸው ለወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ እንዲሰጡ ተስማማን። በዚያ ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ገብስ ለመዝራት ማኅበሩ ወስኗል፤ የዘር ድንቹም ከሌላ ንጹሕ ቦታ እንዲመጣ ስሙን ከወዲሁ አስመዝግቧል።